ሰበቃን ቸል ሳንል

በፊዚክስ መማሪያ ክፍል በየዓመቱ የምንደጋግማት አንዲት ሐረግ አለች፤ «ሰበቃን ቸል ብንል» የምትል። እርሷ ባትኖር ኖሮ በተዳፋት ላይ የሚንሸራተተውን ቁስ አካል ፍጥነት በሁለት መስመር ማስላት ባልተቻለ ነበር። ከክፍሉ ወጥተን ወደ ጭላሎ ግርጌ ስንመለከት ግን፣ በክረምት ጭቃ ከማረሻው ጋር የሚታገለው የአርሲ ገበሬ ሰበቃን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ቸል ሊል እንደማይችል እናያለን።

ይህን ያነሣነው ስለ ማረሻ ልንጽፍ አይደለም፤ ስለ ልብ ወለድ ነው።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ታላላቅ የሚባሉ ዐሥራ ሁለት ልብ ወለዶችን በዝርዝር ይዘን፣ በአሰላ ብርዳማ ምሽቶች አንድ በአንድ ለማንበብ ተነሥተናል። ምክንያታችን ኀፍረት ነው። በውጭ አገር ለዶክትሬት ዲግሪ ስንማር አንድ የላቦራቶሪ ባልደረባችን ከአገራችን ልብ ወለዶች የትኛው እንደሚበልጥ ቢጠይቀን «ፍቅር እስከ መቃብር» አልነው። ስለ ምን እንደሚያወሳ ሲጠይቀን ግን፣ የነበረን በልጅነታችን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማነው ቁርጥራጭ ብቻ ነበር። መጽሐፉን ገልጠን አናውቅም።

ንባቡን የጀመርነው እንደ ቤተ ሙከራ ሥራ ነው። በቀን ሃያ ገጽ ወሰንን፤ ያነበብነውን በሠንጠረዥ መዘገብን። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው፣ የአማርኛ ልብ ወለድ በኵር የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በጥቂት ምሽቶች አለቀ። በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»ም በዚያው ፍጥነት ጨረስን። ሠንጠረዡ አማረ። ከወር በኋላ ግን ጉዱ ካሣ ስለ ምን እንደ እብድ እንደተቆጠረ አጥርተን መናገር አቃተን።

ሠንጠረዡን የሰበረው ሦስተኛው መጽሐፍ፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ነው። ቋንቋው ለችኩል አንባቢ አይገዛም። ሁለት ጊዜ አስቀምጠነው ሁለት ጊዜ አነሣነው። በመጨረሻ በቀን ሦስት ገጽ ብቻ፣ አንዳንዱንም ድምፅ እያሰማን ማንበብ ስንጀምር ታሪኩ ስለ ማን እንደሆነ ገባን፤ ስለ እኛው ስለ ተማርነው ነው። አደፍርስ ንባቡ የበዛ፣ ለክርክር የማይታክት ወጣት ነው። ወይዘሮ አሰጋሽን ከመሰሉ በርስትና በልማድ ከሚኖሩ የገጠር ሰዎች ጋር ይነጋገራል፤ ይሁን እንጂ ነገሩ አይገጥምም። ችግሩ ሐሰት መናገሩ አይደለም፤ ሰበቃን ቸል ብሎ መናገሩ ነው።

ሩሲያዊው ኢቫን ቱርጌኔቭም እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው «አባቶችና ልጆች» ባዛሮቭ የተባለ የሕክምና ተማሪ ያሳየናል። ባዛሮቭ እንቁራሪት እየሰነጠቀ ይመረምራል፤ ከገበሬ ጋር መነጋገር አውቅበታለሁ እያለም ይመካል። ገበሬዎቹ ግን በሆዳቸው እንደ ቀልደኛ ይቆጥሩታል። ሁለት ደራስያን ከመቶ ዓመት በላይ ተራርቀው አንድ ጉድለት አይተዋል።

ይህ ጉድለት በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ እዚሁ አሰላ ላይ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አቀረበ፤ የስንዴው ምርትም አደገ። መሬቱ ትርፍ ማስገኘቱን ያዩ ባለርስቶች ግን ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን አፈናቀሉ። የዘሩ ስሌት ትክክል ነበር፤ የመሬቱ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚመኝ፣ ጭሰኛውስ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቀው ስሌት ግን ሌላ ነበር።

ሳይንስ የሚሠራው በመቀነስ ነው፤ ይህም ኀይሉ እንጂ ነውሩ አይደለም። ጋሊሌዮ የአየርን ግፊያ በሐሳቡ ባያስወግድ ኖሮ የሚወድቁ ነገሮችን ሕግ ባላገኘ ነበር። የምንፈራው፣ የቀነስነውን መልሰን መደመር የረሳን ዕለት ነው። ጥሩ ልብ ወለድ የቀነስነውን ሁሉ ይመልስልናል፤ ቂሙን፣ ኩራቱን፣ ፍርሃቱን፣ የዘመድ ይሉኝታውን። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ነገ በበቆጂ፣ በሁሩታ ወይም በሌላ ወረዳ መምህርና የግብርና ባለሙያ ትሆናላችሁ። ገበሬው ምክራችሁን ያልተቀበለበትን ምክንያት ከምርት ሠንጠረዥ ብቻ አታገኙትም።

«ፈተና እያለብን መቼ እናንብብ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በቀን ሦስት ገጽ ግን በዓመት ከ1,000 ገጽ ይበልጣል፤ ይህም ሦስት ወይም አራት መጽሐፍ ነው። ከዚያ በላይ አንጠይቅም፤ እኛም ከዚያ በላይ አልሄድንም። ከዐሥራ ሁለቱ ያነበብነው አራት ብቻ ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ንም እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ይዘናል።

ቀጥሎ የሚጠብቀን የዳባ ወዬሳ «ጎዳኒሳ» ነው። በአርሲ ምድር እየኖርን በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ አንድም ልብ ወለድ ሳናነብ መቆየታችን ሌላው ኀፍረታችን ነው። ቋንቋውን ከእኛ የምታውቁ ተማሪዎቻችን ብዙ ናችሁ፤ የከበደንን ገጽ ይዘን ወደ እናንተ ስንመጣ ታስረዱን ዘንድ ከወዲሁ እንለምናለን።