ጓዳው ክፍት፣ በሩ ላይ ፈታሽ

አዲስ አበባ ውስጥ ላፕቶፕ ይዞ ወደ ትልቅ መሥሪያ ቤት የገባ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ጥበቃው ላፕቶፑን ይገለብጥና መለያ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋል። መውጫ ላይ ደብተሩን ገልጦ ያመሳክራል፤ ቁጥሩ ከገጠመ በሰላም ሂድ ነው። ሲገባ ያልነበረ የአሥር ሺህ ደንበኛ ፋይል አብሮ ይውጣ አይውጣ ደብተሩ አያውቅም።

እኛ የኮምፒውተር ባለሙያዎች በዚህ ደብተር መቀለድ እንወዳለን። ድርጅቶች በውድ የሚገዙት፣ ምስጢራዊ መረጃ እንዳይሾልክ በማሽን ለርኒንግ ይጠብቃል የሚባለው ሶፍትዌር ግን የዚሁ ደብተር የቅርብ ዘመድ ነው። ሠራተኛው የሚልከውን ኢሜይል፣ ፍላሽ ላይ የሚገለብጠውን፣ ኢንተርኔት ላይ የሚጭነውን ፋይል እየተከታተለ ልማዱን ይማራል፤ ከልማዱ ወጣ ሲል ማስጠንቀቂያ ይልካል። በስህተት ለሌላ ሰው ሊላክ የነበረ የደመወዝ ዝርዝር ያስቀራል፤ ይህን አልክድም። ጠቤ መሣሪያውን ገዝቶ የጥበቃውን ነገር ጨረስኩ ብሎ እጁን ከሚያራግፈው ኃላፊ ጋር ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በቀን 50,000 መልእክትና ፋይል የሚንቀሳቀስበት ድርጅት አለ እንበል፤ ከዚያ ውስጥ በእውነት መውጣት የሌለበት 5 ብቻ ነው። ሻጩ ከመቶ 99 ጊዜ አይሳሳትም ብሎናል፤ እንመነው። ከመቶ አንዷ ስህተት በቀን ወደ 500 የሚጠጋ ንጹሕ መልእክት ትከስሳለች። አምስቱ ሳያመልጡ ቢያዙ እንኳ ከመቶ ማስጠንቀቂያ እውነተኛው አንድ ነው። ይህን አዲስ ነገር አድርጌ አላወራውም፤ ስቴፋን አክሰልሰን የተባለ ተመራማሪ ስለ ሰርጎ ገብ መቆጣጠሪያዎች ይህንኑ ስሌት ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

አምስት መቶውን የሚያነበውስ ማን ነው? ብዙ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱን ይከፍታል፣ ለሠራተኛው ይደውላል፣ ይጠይቃል። በሦስተኛው ሳምንት ሃምሳውን ባንድ ላይ መርጦ «ታይቷል» ብሎ ይዘጋል። ልጁን አልወቅሰውም፤ እኔም ዘግቼ አውቃለሁ። አሜሪካዊው የሱቅ ኩባንያ ታርጌት እ.ኤ.አ. በ2013 የ40 ሚሊዮን ካርድ መረጃ ሲዘረፍበት መሣሪያው ጮኾ ነበር። ባለሙያዎቹ አዩትና አለፉት።

የኢኩፋክስ ይብሳል። የ147 ሚሊዮን ሰው መረጃ ያስዘረፈው ይህ የብድር መረጃ ድርጅት፣ አፓቼ ስትረትስ በተባለው ሶፍትዌር ላይ የተገኘውን ቀዳዳ መድፈኛ ከማርች 2017 ጀምሮ ማግኘት ይችል ነበር፤ በቀዳዳው የተጠቃበትን ሲስተም ግን ሳይደፍነው ቀረ። ዘራፊዎቹ 76 ቀን ተመላለሱበት። የሚወጣ የሚገባውን የሚፈትሽ መሣሪያ አልነበረም እንዳይባል ነበረ፤ የዲጂታል ሰርተፊኬቱ ጊዜ ስላለፈ ግን የተመሰጠረውን ትራፊክ ማየት ተስኖት ለወራት ዕውር ሆኖ ቆሟል። ጁላይ 29 ቀን ሰርተፊኬቱ ሲታደስ አጠራጣሪው ነገር በዚያው ዕለት ታየ! እስከዚያ ድረስ ዘራፊዎቹ ሳይመሰጠር የተቀመጠ የይለፍ ቃል አግኝተው 48 ሌሎች ዳታቤዞች ውስጥ ገብተዋል። እዚህ ታሪክ ውስጥ የትኛው ብልህ ሞዴል ነው የጎደለው? አንድ ሰው የሰርተፊኬቶቹን ማብቂያ ቀን ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ ይበቃ ነበር።

ማሽን ለርኒንግን ለዓለም የሚሸጡትም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። የማይክሮሶፍት የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ተመራማሪዎች ለሞዴል ማሠልጠኛ የሚሆን ዳታ ለማካፈል ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማካፈያ ድረ ገጽ ላይ ያስቀመጡት ሊንክ ከታሰበው ፋይል አልፎ 38 ቴራባይት ይከፍት እንደነበር በ2023 ታወቀ፤ የሁለት ሠራተኞች ኮምፒውተር ቅጂ፣ የይለፍ ቃሎችና ከ30,000 በላይ የውስጥ የቲምስ መልእክቶች ጭምር። የደንበኛ መረጃ አልነበረበትም ብሏል ኩባንያው፤ ይሁን። ሊንክ ማካፈል ግን የነዚያ ሰዎች የዘወትር ሥራ ነው። ልማድ የሚያጠና መሣሪያ ምን ብሎ ይጮህ?

ነገሩ ወደ እኛ ሲመጣ ሌላ ጣጣ አለው። እነዚህ መሣሪያዎች በአብዛኛው የሰለጠኑት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ፀሐይ ደንበኛችን ናት ወይስ የሰማይዋ? አበበ ሰው ነው ወይስ ዛፉ? ስምን የሚለይ ትልቅ ፊደል የለንም። በዚያ ላይ አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ»፣ ሦስተኛው «ፀሃይ» ይላል፤ በላቲን ፊደል የሚጽፈውን ተዉት። የደንበኛ ስም ለይቶ ያልያዘ ፈታሽ የደንበኛ ዝርዝር ሲወጣ በምን ያውቃል?

ሕጉስ ምን ይላል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተወሰነ ዓላማ፣ በሚያስፈልገው ልክ ብቻ እንዲሰበሰብ ያዛል። ይህን ለማድረግ ሞዴል አያስፈልግም። ለምን እንደሰበሰብነው የረሳነውን የመታወቂያ ፎቶ ማጥፋት፣ ከሥራ የለቀቀን ሰው አካውንት በዚያው ቀን መዝጋት፣ ዝርዝሩን ሁሉ መክፈት የሚችሉትን ሰዎች ቆጥሮ መቀነስ ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ስብሰባ ላይ በስላይድ አይቀርብም፣ ማንንም ሹመት አያሰጥም። ስለዚህ ሶፍትዌር ይገዛል።

ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቅሁት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሶፍትዌር መግዛቱን ሰምቻለሁ። የቴሌግራም ግሩፓቸው ውስጥ አሁንም አለሁ። ባለፈው ማክሰኞ የሦስት ደንበኞች መታወቂያ ፎቶ ስልኬ ላይ ገባ።