ኮንሶል ወይስ ኮምፒውተር? ዋጋው ከተከፈለ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ

በዋሽንግተንም ይሁን በፍራንክፈርት ወይም በዱባይ፣ ልጆቹ የጌም መሣሪያ እንዲገዛላቸው የወተወቱት ወላጅ መደብር ሲገባ አስቀድሞ የሚያየው ዋጋውን ነው። በዚህ መለኪያ ኮንሶል በቀላሉ ያሸንፋል። ፕሌይስቴሽን 5 እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ ዲስክ የሚያነበው በ499፣ የማያነበው በ399 ዶላር ይሸጥ ነበር። በዚያ ገንዘብ ተመጣጣኝ አቅም ያለው ኮምፒውተር መገጣጠም የሚታሰብ አልነበረም።

ሒሳቡ ግን መደብሩ ውስጥ አይዘጋም። የኮንሶል አምራቾች መሣሪያውን በጠባብ ትርፍ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ሸጠው ገንዘባቸውን የሚመልሱት በኋላ ከሚሸጡ ጨዋታዎች በሚያገኙት ድርሻና ከወርኃዊ ወይም ከዓመታዊ ክፍያ ነው። በፕሌይስቴሽን ላይ አብዛኞቹን ጨዋታዎች ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት ለመጫወት ክፍያው ግዴታ ነው፤ እንደ ፎርትናይት ያሉት በነጻ የሚታደሉ ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ሶኒ በ2023 ዝቅተኛውን ዓመታዊ ክፍያ አሜሪካ ውስጥ ወደ 80 ዶላር አሳድጎታል። በዚህ ስሌት አምስት ዓመት የሚጫወት ልጅ 400 ዶላር ይከፍላል፤ ይህም ዲስክ የማያነበው ኮንሶል መጀመሪያ የተሸጠበት ዋጋ ነው። በኮምፒውተር ላይ በአመዛኙ እንዲህ ያለ ክፍያ የለም።

በውስጣዊ አሠራራቸው ሁለቱ ዘመዳማቾች ናቸው። የፕሌይስቴሽን 5 ፕሮሰሰር የተሠራው ለኮምፒውተር ፕሮሰሰር በሚያመርተው በኤኤምዲ ንድፍ ነው። የኮንሶሉ ትልቅ ብልጫ አንድ ወጥነቱ ነው። የጨዋታው ሠሪ እያንዳንዱ ቤት ያለውን መሣሪያ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ምስሉን የሚያቀናብሩትን ትእዛዞች አስቀድሞ ለዚያ ግራፊክስ አዘጋጅቶ ይልካል። ኮምፒውተር ግን ግራፊክስ ካርዱ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ያንኑ ሥራ ራሱ ይሠራዋል፤ አዲስ ጨዋታ ሲጀመር ምስሉ የሚንቀጠቀጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የአዲስ አበባ የፕሌይስቴሽን ማጫወቻ ቤቶችም ኮንሶልን የመረጡት ያለ ነገር አይደለም፦ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ሁለት ልጆች እጀታውን ይይዛሉ፣ ኳሱ ይጀመራል።

ሆኖም የኮንሶል ገዢ የሚገዛው አምራቹ እስከፈቀደ ድረስ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ለዚህ ከፕሌይስቴሽን 3 ታሪክ የተሻለ ምስክር አይገኝም። መሣሪያው በ2006 ሲወጣ ሊኑክስን መጫን ይፈቅድ ስለነበር ተመራማሪዎች እንደ ርካሽ ሱፐርኮምፒውተር ተጠቀሙበት። የአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ቤተ ሙከራ ከ1,700 በላይ የሚሆኑትን አስተሳስሮ ኮንዶር የተባለውን ሥርዓት ገንብቷል። በ2010 ግን ሶኒ ደኅንነትን ምክንያት አድርጎ በአንድ የሶፍትዌር ማሻሻያ ይህን ችሎታ አነሣው። ማሻሻያውን አልጭንም ያለ በኢንተርኔት መጫወት አልቻለም፤ የጫነ ደግሞ ከፍሎ የገዛውን አገልግሎት አጣ። ጉዳዩ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ለዓመታት ተጓተተ።

ከዚህ በተቃራኒ የሚቆመው በኮምፒውተር ላይ የተወለደው ነገር ነው። ካውንተር ስትራይክ በ1999 ሲጀመር ሀፍ ላይፍ የተባለውን ጨዋታ ፈትተው እንደገና የገጠሙ ወጣቶች ሥራ ነበር። ዶታም እንዲሁ ከዋርክራፍት 3 ውስጥ በተጫዋቾች እጅ ወጣ። ሁለቱም ዛሬ የሚሊዮን ዶላር ሽልማት ያላቸው ውድድሮች ናቸው። በኮንሶል ላይ እንዲህ ያለው መነካካት ቢኖር እንኳ አምራቹ በከፈተው ቀዳዳ ልክ ነው።

ስለዚህ አንድ መሣሪያ ብቻ የሚገዛና ተማሪ ልጅ ያለው ቤተሰብ ኮምፒውተሩን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ምስሉ ከኮንሶሉ ትንሽ ቢያንስም እንኳ። በተለይ የሚመረጠው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት ነው፤ የጌም ላፕቶፕ ቶሎ ይሞቃል፣ ግራፊክስ ካርዱም አብዛኛውን ጊዜ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ግን ዛሬ በመጠነኛ ካርድ ተገዝቶ ከሦስት ዓመት በኋላ ካርዱ ብቻ ሊለወጥለት ይችላል፤ ልጁም ክዳኑን ከፍቶ ራሱ ይለውጠዋል። ቅዳሜ ማታ ከወንድሙ ጋር ኳስ ከመጫወት ሌላ ለማይፈልግ ግን ኮንሶሉ ይበቃዋል፤ የዓመቱን ክፍያ በዋጋው ላይ ደምሮ ይግዛ።