የወንድሜ ልጅ



በልጅነታችን ቁርኣን ቤት የገባን ዕለት ኡስታዙ ከአሊፍ በፊት የጠየቁን የአባቶቻችንን ስም ነበር። ጣታችንን እያጠፍን አራት ስም ጠራንና ዝም አልን። «ከዚያስ?» አሉን። «ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል» ብንል ልጆቹ ሁሉ ሳቁብን። አጠገባችን የተቀመጠው ልጅ ዘጠኝ ቆጥሮ ነበር። አስኳላ ስንገባ ግን መዝጋቢው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ብቻ ስለጠየቀን ሀብታም ሆንን፤ ስም ተረፈን።

የዛሬው ጨዋታችን ስለዚያ ከአራተኛው ስም በኋላ ስላለው ዝምታ ነው።

በአገራችን ለቤተሰብ ሁሉ የሚሆን አንድ መጠሪያ የለም። ልጅ የአባቱን ስም ይከተላል፤ የልጅ ልጅ ሲመጣ አንዱ ስም ከኋላ ይወድቃል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ማንኛችንም ከአያታችን አናልፍም። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የመሬት ግብር ደረሰኞች ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በኋላ «ምን ያደርጋሉ?» ተብለው በየቤቱ የእሳት ማቀጣጠያ ሆነዋል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የውርስ መዝገብ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ማን ቀድሞ ሞተ፣ ማን ተረፈ ብሎ የሴቶቹንም ስም ከነአባታቸው ይጽፋል። ይሁን እንጂ ውርስ የሚከራከረው ንብረት ያለው ነው። የእኛ አራተኛ አባት ከአንድ መጽሐፍ በቀር የተዉት ነገር የለም። ስማቸውም ቢሆን በሐርቡ ገበያ መሀል ቆመው ቢጠሩት አሥር ሰው «አቤት» የሚልበት ዓይነት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አጎታችን አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። አንድ ጸሐፊ ገንዘብ ተከፍሎት ያዘጋጀው የዘር ሐረግ ነው። ከአባታችን ተነሥቶ፣ የእኛን አራተኛ አባት አልፎ፣ በ19 ትውልድ ሰይዲና ሑሴን (ረ.ዐ) ዘንድ ይደርሳል። አጎታችን በመስታወት አስገጥመው ሳሎን ሰቀሉት። እኛም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎን ነበር። ቁርኣን ቤት የሳቁብን ልጆች በመጡና ባዩ ያሰኛል።

ታዲያ ደሴ አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ ዝምድና ሲቆጠር (በእኛ አገር ዝምድና በደንብ የሚቆጠረው ለቅሶ ላይ ነው) ስለዚሁ ወረቀት አወራን። ከጎናችን የተቀመጡ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ ሐጂ እንበላቸው፣ በጽሞና ሲያዳምጡ ቆይተው «አባትህ መቼ ተወለዱ?» አሉን። «በ1948» አልን። ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። «ከሰይዲና ሑሴን ልደት እስከ አባትህ ልደት 1,330 ዓመት ያህል ነው። ለ19 ሲካፈል ሰባ ይመጣል። አንዱ አባት በሰባ ዓመቱ ልጅ ወለደ ብትለኝ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። አሥራ ዘጠኙም በሰባ በሰባ ዓመታቸው ወለዱ ብትለኝ ግን ተማሪዬ ብትሆን ዜሮ ነበር የምሰጥህ» አሉን። የሂሳቡ ነገር እኛም በየቀኑ ለተማሪ የምናስተምረው ማካፈል ነው። ወረቀቱ ላይ ግን አልሞከርነውም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝምድናችንን የምንቀጥልበትን ያህል ዘራችንን እንድናውቅ አዘዋል፤ እያወቀ ራሱን አባቱ ወዳልሆነ ሰው የሚያስጠጋውን ደግሞ በብርቱ አስጠንቅቀዋል። ሁለቱን ትምህርቶች መድረሳ ውስጥ በአንድ ወር ነው የተማርናቸው። የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ረስተን ኖሯል።

ሐጂ ራሳቸው ዘር ፈላጊ ናቸው። የሚፈልጉት የእናታቸውን አያት ሲሆን እስካሁን አላገኟቸውም። በፍለጋው መንገድ ላይ ግን ሌሎች ፈላጊዎችን እያገኙ አንድ ወፍራም ደብተር አዘጋጅተዋል። ለአንድ ጠፊ ሰው አንድ ገጽ ነው፤ የሚታወቅ ስም፣ አገር፣ ዘመን፣ ከማን አፍ እንደተሰማ። «ከማን አፍ» የሚለውን ባዶ ትቶ የሚመጣን ሰው አይመዘግቡም። ዘመኑንም በቁጥር አይጠይቁም። «ከሰገሌ በፊት ነው በኋላ?» ይላሉ። ሰገሌ በ1909 ከወሎ ስንቱን ወንድ በልቶ ስለቀረ የማያስታውስ ቤት የለም። «ጣሊያን ሲገባ ያች ልጅ ታገለግል ነበር ወይስ ትታዘል?» ይላሉ። በቁጥር የተጠየቀ አዛውንት ለጠያቂው ደስ እንዲለው አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ እንዲህ የተጠየቀ ግን ያያል።

እኛንም መዘገቡንና «ከቤታችሁ ያረጀ ነገር ምን አለ?» አሉን። መጽሐፉን ወሰድንላቸው። በፍየል ቆዳ የተለበደ፣ ጠርዙን ብል የበላው የፊቅህ መጽሐፍ ነው። በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ በዐረብኛ አንድ መስመር ተጽፏል። እኛ በመድረሳ ዐረብኛችን ከብዙ ጊዜ በፊት አንብበነዋል፤ «ልጄ ወደ ቤታችን ገባች፣ 1309» ይላል ብለን ለቤተሰቡ ተርጉመን ነበር። አንድ የአጎታችን ልጅ 1309ን እንደ ኢትዮጵያ ቆጣጠር ወስዶ ምስኪኑን ሽማግሌ የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን ሰው አድርጓቸዋል! ሒጅራ መሆኑን ነገርነው፤ ከነሐሴ 1883 እስከ ሐምሌ 1884 ዓ.ም ላይ ይውላል።

ሐጂ ቅጠሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው በአጉሊ መነጽር ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ለእኛ ሰጡን። ብል የበላው ቀዳዳ የጀመረው «ኢብነት» ከሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ነው። እኛ ቀዳዳውን በግምታችን ሞልተን «ኢብነቲ፣ ልጄ» አልነው። ከቀዳዳው ማዶ ግን የአሊፍ ራስና አንዲት ነጥብ ተርፈዋል። ነጥቧ የኻእ ናት። «ኢብነት አኺ» ነው የሚለው፤ የወንድሜ ልጅ።

ወንድም እንደነበራቸው እንኳ ሰምተን አናውቅም።

ሐጂ ምንም ሳይናገሩ ደብተራቸውን ገለጥ ገለጥ አድርገው አንድ ገጽ ላይ ቆሙ፤ መልሰውም ዘጉት። «የምታውቀውን ሁሉ በወረቀት ጽፈህ ስጠኝ። አንድ ሰው አለች፣ እሷም እንዲሁ ትጽፋለች። ከዚያ በፊት አትገናኙም» አሉን። ጭካኔ መሰለን፤ ኋላ ነው የገባን። ሁለት ፈላጊዎች ቀድመው ከተጨዋወቱ አንዱ የጎደለውን ከሌላው ሳያውቀው ይዋሳል፤ ሁለቱም «እኛ ቤትም እንዲሁ ይባል ነበር» ይላሉ።

ሰውየዋ አዲስ አበባ በነርስነት የምትሠራ እህት ናት። ወረቀቷ እንዲህ ይላል። የእናቷ ሴት አያት ወላጆቿ በክፉ ቀን አልቀው ሐርቡ አጠገብ አጎቷ ዘንድ አደገች። አጎትየው በሹም ፊት በክርስትና ስም፣ በቤቱ በእስልምና ስሙ ይጠራ ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች የመጡት ከወረኢሉ በኩል ነው። የወንድማማቾቹን አባት ስምም ጽፋለች፤ እኛ አምስተኛ ብለን በጥያቄ ምልክት ከጻፍነው ጋር አንድ ሆነ።

ለወጣት አንባብያን ጥቂት እናስታውስ። በ1870 ዓ.ም በዐፄ ዮሐንስ ዘመን በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደርጎ የወሎ ሙስሊም መሳፍንትና ሹማምንት እንዲጠመቁ፣ አለዚያ ሹመታቸውን እንዲለቁ ታወጀ። ኢማም መሐመድ ዐሊ ሚካኤል፣ አመዴ ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ። ነገሩ በመሳፍንቱ አላበቃም፤ ወደ ሕዝቡ ወረደ። ሸኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈርን የመሳሰሉ ዐሊሞች ተቃውመው ተነሡ፤ ብዙ ሰው አገር ጥሎ ተሰደደ፤ ብዙው ደግሞ ቀን በአንድ ስም ማታ በሌላ ስም ኖረ። ንጉሡ በ1881 መተማ ላይ ካለፉ በኋላ ግፊቱ ረገብ ቢልም ያን ጊዜ ክፉ ቀን ገብቶ ነበር። ከ1880 እስከ 1884 በነበሩት ዓመታት የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ረሃቡ ከሰው ሰው ለየ። ይህን ዘመን በሰፊው ማወቅ የሚፈልግ ሟቹ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ19ኛው መቶ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና በእንግሊዝኛ የጻፉትን መጽሐፍ ቢያነብ ይጠቀማል።

እንግዲህ አባቶቻችን ከአራተኛው ስም በላይ ያልነገሩን ለምን እንደሆነ በመጠኑ ገባን። ሰው ሁለት ስም ሲኖረው ልጆቹ አንዱን ይደብቃሉ፤ ከተደበቀው ጋር ወንድሙም፣ አገሩም፣ አባቱም ይሄዳሉ።

ሁሉ ነገር ገጠመ ማለታችን አይደለም። እህታችን አጎትየው ወንድ ልጅ አልነበራቸውም ብላ ጽፋለች፤ እኛ ደግሞ ከወንድ ልጃቸው ነው የመጣነው። ምናልባት ልጅየዋ ተድራ ከወጣች በኋላ የተወለደ ይሆናል። ሐጂ «ምናልባትን በእርሳስ ጻፍ» ስላሉን በእርሳስ ጽፈነዋል።

ችግሩ የመጣው ወሬው አጎታችን ዘንድ ሲደርስ ነው። ከወረቀቱ 19 ስም አራቱን ብቻ ትተን ሌላውን መሰረዛችን ሳያንሳቸው፣ አራተኛውን የክርስትና ስም ነበራቸው ማለታችን አንገበገባቸው። «ሸኽ ሰው ነበሩ ስንል ኖረን፣ ዛሬ ስማቸውን ለውጠው ነበር ልትሉ ነው? ለልጆቻችሁ ይህን ነው የምታወርሱ?» አሉን። ከእኛ ጋር መነጋገር ተዉ። ለዒድ እንኳ ስንሄድ እጃችንን ዝም ብለው ነበር የጨበጡን።

አጎታችንን አንፈርድባቸውም። እኛ ግን ያችን መስመር ባየናት ቁጥር የምናስበው ሌላ ነው። አላህ በሱረቱል አሕዛብ የሚያድጉ ልጆች በወለዷቸው አባቶች ስም እንዲጠሩ ማዘዙን፣ ዘይድም (ረ.ዐ) ዘይድ ኢብን ሙሐመድ መባሉ ቀርቶ ወደ አባቱ ወደ ሓሪሣ መመለሱን ሁላችንም ተምረናል። ሽማግሌው አራተኛ አባታችን በአደባባይ የራሳቸውን ስም መጥራት የማይችሉ ሰው ነበሩ። በዚያ ረሃብ ያችን ልጅ «ልጄ» ብለው ቢጽፏት ማንም አይጠይቃቸውም። እሳቸው ግን የወንድማቸውን ድርሻ ለወንድማቸው ትተው ጻፉ። ልጅየዋን የነጠቅናት እኛ ነን፤ በግምታችን።

ይህንኑ ለእህታችን ስናወራት፣ አያቷ፣ ማለት የዚያች ልጅ የመጨረሻ ሴት ልጅ፣ በሕይወት እንዳሉ ነገረችን። ዘጠና አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ኮምቦልቻ ናቸው። የአጎታችንን ኩርፊያ ሰምተው እንዲህ ብለዋል አለችን፦ «በየትኛውም ስም ይጠራ፣ እናቴን ያበላት እሱ ነው። ያ ሰውዬ ካፈረበት እኔ እኮራበታለሁ፤ ለእኔ ይስጠኝ።»

ቃሉን ለአጎታችን ያደረስነው እየፈራን ነበር። ሦስት ሳምንት ምንም አላሉም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደወሉና «ሰዓት ንገረኝ፣ እኔም እሄዳለሁ» አሉን።

ኮምቦልቻ ስንደርስ አዛውንቷ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል። አጎታችን ጎንበስ ብለው ሊስሟቸው ሲሉ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ዳበሱት፤ «አገጩ የእናቴ ነው» አሉ። እውነት ይሁን አይሁን ሐጂ አይመዘግቡትም። ቡና ተፈላ፤ ዱዓ ተደረገ። አጎታችን መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልለው ራሳቸው ይዘውት ነበርና መስመሯን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡላቸው። አዛውንቷ ዐረብኛ አይሰሙም፤ ሦስት ጊዜ ግን አስደገሟቸው።

ከዚያ ቀና ብለው «ሚስቱ ማን ነበር ስሟ? እናቴ ‹እማዬ› ነበር የምትላት። ያዘለቻት፣ ጥራጥሬ ቆልታ ያቃመቻት እሷ ናት። ስሟን ሳትነግረኝ ሞተች» አሉ።

አጎታችን ወደ እኛ ዞር አሉ። እኛም ወደ እህታችን። ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ስም በተጻፈበት በዚያ ወረቀት ላይ አንድም ሴት እንዳልነበረች ያን ጊዜ ነው ልብ ያልነው።

ሐጂ በማግስቱ አዲስ ገጽ ከፍተዋል። አገር፦ ሐርቡ። ዘመን፦ 1884ን ያየች። ከማን አፍ፦ ከኮምቦልቻዋ አዛውንት። የስሙ ቦታ ባዶ ነው። አጎታችን በዚህ ሰሞን ጀመዓ ከወጡ በኋላ የአገሩን አሮጊቶች አንድ በአንድ እየዞሩ በመጠየቅ ላይ ናቸው።