ዐሥረኛው ክፍል

«እኛ ነባር፣ እነርሱ መጤ» የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር የትውልድ ቀዬዬ ወገዳ ትዝ ይለኛል። ስማዳ በበሽሎና በዓባይ ሸለቆዎች የታቀፈ፣ ከማዶው ወሎና ጎጃም የሚታዩበት መተላለፊያ ነው። መተላለፊያ ላይ ቆሞ ስለ ንጹሕ ደም ማውራት ራስን ማታለል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የዐፄ ልብነ ድንግል ጦር ተሸነፈ፤ የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋትም ተከተለ፤ የመንግሥቱ ማእከል ወደ ጣና አዘነበለ። በወጣትነታቸው ከኦሮሞዎች ጋር የኖሩት ዐፄ ሱስንዮስም ከእነርሱ ወገን ተዋጊዎችን በጎጃምና በበጌምድር አሰፈሩ።

አባ ባሕርይ በ1593 ገደማ ስለዚሁ ዘመን ጻፉ። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ስለ ኦሮሞ የተናገሩትን ክፉ ቃል ነው። እኔ ግን ለተማሪዎቼ የማነብላቸው ስለ ገዛ ወገናቸው የጻፉትን ነው። የሽንፈቱን ምክንያት ሲፈልጉ ሕዝቡን በ10 ክፍል መደቡ፤ ከመነኩሴ እስከ አዝማሪ 9ኙ አይዋጉም፣ የሚዋጋው 10ኛው ብቻ ነው አሉ። የቤተ ክህነት ሰው ሆነው ሳለ ወቀሳውን ከመነኮሳት ጀመሩ! ይህ ድፍረት ዛሬ ማን ዘንድ አለ?

በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ገበሬውን ከማይጠቅሙት ጋር ደመሩት፤ ያለ እርሱ ሞፈር ግን 10ኛው ክፍል አንድ ክረምት አይዘልቅም ነበር።

እኛስ? ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ሕዝባችንን አልቈጠርንም፤ በቍጥር ግን እንጣላለን። መጠየቅ ያለብን ማን ቀድሞ መጣ ሳይሆን ሸክሙን ማን ተሸከመ ነው።