ካፋ ቡናውን ሸጠ፣ ታሪኩን ግን በነጻ ሰጠ

ስለ ቦንጋ የሚሠሩ አብዛኞቹ ፊልሞች ይመሳሰላሉ። ጉም የለበሰ ደን፣ ቀይ የቡና ፍሬ፣ የሚንቆረቆር ጀበና፣ ከዚያ ስለ እረኛው ካልዲና ስለ ፍየሎቹ የሚተርክ ድምፅ። ተራኪው የካፋ ሰው አይደለም፤ ካሜራውን የያዘውም እንዲሁ። ያ የእረኛ ተረት ራሱ በጽሑፍ የታየው በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ በላቲን በታተመ መጽሐፍ ነው። ስለ ካፋ መንግሥት ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ የጻፈው ደግሞ በ1905 እ.ኤ.አ. ወደ ካፋ የመጣው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ነው፤ ያውም በጀርመንኛ። የአገሬው ልጅ ስለ አያቶቹ ለማንበብ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ታዲያ በየስብሰባው የሚሰማው መፍትሔ ምንድን ነው? «አንድ ትልቅ የውጭ ድርጅት መጥቶ ቢቀርጸን ስማችን በዓለም ይጠራ ነበር» የሚል ነው። ይህ ምኞት ሳይሆን ልመና ነው። ልመና መሆኑን ለማየት የአንድ ኢትዮጵያዊን የሥራ ዘመን መመልከት ይበቃል።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1946 እ.ኤ.አ. ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉ ደራሲ ናቸው። ኃይሌ በ1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ገብተው መጀመሪያ ቺካጎ ቴአትር፣ ከዚያ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማሩ። ሆሊውድ በቅርብ ርቀት ላይ ነበር። እሳቸውና እንደ ቻርልስ በርኔት ያሉ ጥቁር ተማሪዎች ግን የሆሊውድን በር ከማንኳኳት ይልቅ የራሳቸውን ሲኒማ መሥራት ጀመሩ። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በአማርኛ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ተዋንያን የተሠራ የጭሰኛ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ፊልሙ አውሮፓና አሜሪካ ታየ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ተመልካች ከሌለ ብሎ አልቀረም።

«ሳንኮፋ» በ1993 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ለውድድር ቀረበ። የአሜሪካ አከፋፋዮች ግን አልፈለጉትም። ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ተቀምጠው አላለቀሱም፤ አዳራሽ ተከራይተው ከከተማ ከተማ እየዞሩ አሳዩት፤ ጥቁሩ ሕዝብ ተሰልፎ ገባ። ዋሽንግተን ውስጥ በፊልሙ ስም የመጻሕፍት መደብር ከፈቱ። ያው ፊልም በ2021 እ.ኤ.አ. ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። በ28 ዓመት ዘግይቶ መጣ እንጂ እነሱ ሄደው አልለመኑም። ለ«ጤዛ» ገንዘብ ማሰባሰቡ ከአሥር ዓመት በላይ ወሰደ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ታላቁን የፌስፓኮ ሽልማት ወሰደ።

«ፊልሞቻቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ትንሽ ጎንበስ ቢሉ ብዙ ይሠሩ ነበር» የሚል አይጠፋም። ይሠሩ ይሆናል፤ የሌላ ሰው ፊልም ግን ነው የሚሆነው። «እሳቸው አሜሪካ ሆነው ደመወዝ ነበራቸው፤ የቦንጋ ልጅ ምን አለው?» የሚለው ግን ጠንካራ ክርክር ነው። እውነት ነው፤ ኃይሌ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። ነጻ የፊልም ሠሪ አየር እየበላ አይኖርም። እንጀራ የሚሰጠውና በጽሑፉ ላይ እጁን የማያስገባ ተቋም ያስፈልገዋል።

ይህ ተቋም ቦንጋ ውስጥ የለም ማለት አይቻልም። የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ አለ። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለ። ከተማዋ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከአዲሱ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎች አንዷ ናት። የጎደለው ለወጣቱ ካሜራ፣ አዳራሽና የወር ደመወዝ ሰጥቶ ዝም የማለት ድፍረት ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ነጻ ካሜራ ጀበና ብቻ አይቀርጽም። በ1897 እ.ኤ.አ. የተማረኩትን የመጨረሻውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ያነሳል። የውሽውሽ ሻይ ለቃሚዋ ስንት እንደሚከፈላት ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ የማንጃን ሕዝብ ያነሳል፤ በገዛ አገሩ ጎረቤቱ አብሮት ማዕድ የማይቆርስለትን፣ ማገዶና ከሰል ሲያመጣ ብቻ የሚፈለገውን ሕዝብ። ይህን የትኛውም የቱሪዝም ማስታወቂያ አያሳይም። በካፊኖኖ የሚያስብ፣ ከነሱው መሃል የወጣ ሰው ግን ሊያሳየው ይችላል።

ቡና ከካፋ ነው ወይስ ከጅማ በሚለው ሙግት የሚባክነው ጉልበት ብዙ ነው። ሙግቱን ያሸነፈም ቢሆን በእጁ የሚቀረው አንድ የምልክት ሰሌዳ ነው። የራሱን ታሪክ በራሱ ቋንቋ የቀረጸ ግን ልጆቹ የሚያዩት ነገር ይተዋል። ስለዚህ የዞኑና የክልሉ ባህል ቢሮዎች ለቀጣዩ የማስታወቂያ ፊልም የያዙትን በጀት ለሁለት ሦስት የአገሬው ወጣቶች ይስጡ፤ ፊልሙንም ከሕዝቡ ጋር አዳራሽ ተቀምጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ይዩት። ቅር የሚያሰኛቸው ነገር ካላዩበት ገንዘባቸው ባክኗል።