የእምነበረድ ሀብታችን ከብክነት ይጠበቅ

የአንድ አገር የተፈጥሮ ሀብት በመሬት ሆድ ውስጥ መገኘቱ ብቻውን ለሕዝቡ ብልጽግና ዋስትና ሊሆን አይችልም። ሀብቱ በምን ዓይነት አሠራር እንደሚወጣ፣ በማን ጉልበትና ጤንነት እንደሚመረት፣ ከተመረተም በኋላ ምን ያህሉ ለጥቅም እንደሚውልና ምን ያህሉ እንደሚባክን ካልተመረመረ «ሀብት አለን» ማለት ባዶ ኩራት ይሆናል። ይህን እውነት አጉልተው ከሚያሳዩን የምርት ዘርፎች አንዱ የእምነበረድ ሥራ ነው።

አገራችን በእምነበረድ የታደለች ናት። በመተከል፣ በዳለቲ፣ በሐረርጌና በትግራይ ቀለሙ ልዩ ልዩ የሆነ፣ ለወለልና ለግድግዳ፣ ለደረጃና ለሐውልት የሚስማማ ድንጋይ ይገኛል። ይሁን እንጂ ይህ ድንጋይ እንደ እህል በየዓመቱ የሚበቅል አይደለም። ተፈጥሮ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ሙቀትና ግፊት ያበጀችው ሀብት አንዴ ከተሰባበረ መልሶ አይገጠምም። ስለሆነም በእምነበረድ ላይ የሚፈጸም ብክነት ከማንኛውም ብክነት የከፋ ነው።

ብክነቱ ከካባው ይጀምራል። ድንጋዩን በድማሚት መፈንቀል ፈጣንና ርካሽ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ፍንዳታው ከሚፈለገው ብሎክ አልፎ በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ድንጋይ ሁሉ ይሰነጥቃል። ስንጥቁም ብዙ ጊዜ ወዲያውኑ አይታይም፤ ብሎኩ ተጓጉዞ፣ ከመጋዙ ሥር ከገባ በኋላ ይገለጣል። በእምነበረዷ የታወቀችው የኢጣሊያዋ ካራራ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአልማዝ ቅንጣት የተገጠመለትን የመቁረጫ ሽቦ ወደ ሥራ ያስገባችው ድንጋዩን ሳይሰነጥቁ መቁረጥ የተሻለ ሆኖ ስለተገኘ ነው።

ከካባው ቀጥሎ ፋብሪካው ይመጣል። እዚህ ላይ ቀላል ስሌት እንሥራ። አንድ ሜትር ኩብ እምነበረድ 2.7 ቶን ያህል ይመዝናል። ይህ ድንጋይ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ወዳላቸው ንጣፎች ሲሰነጠቅና ምላጩ በእያንዳንዱ ቁርጥ 5 ሚሊ ሜትር ሲበላ፣ 40 ንጣፎች ይገኛሉ፤ አንድ አምስተኛው፣ ማለትም 540 ኪሎ ግራም ያህሉ ግን ዱቄት ሆኖ ከማቀዝቀዣው ውሃ ጋር ይፈሳል። የምላጩ ስንጥቅ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ቢጠብ ንጣፎቹ 43 ይሆናሉ፤ ዱቄቱም ወደ 350 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ሁለት ሚሊ ሜትር ምን ያህል ሀብት እንደምታድን ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

ስሌቱን ወደ መንገድ ብናወጣው ጉዳዩ ይበልጥ ይጎላል። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱና ከፍታው 1.5 ሜትር የሆነ ብሎክ 18 ቶን ያህል ይመዝናል። ይህ ብሎክ ከመተከል ተነሥቶ በቻግኒ፣ በእንጅባራና በደብረ ማርቆስ አድርጎ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ እስኪደርስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በ5 ሚሊ ሜትር ምላጭ ሲሰነጠቅ ከ18 ቶኑ 3.6 ቶን ያህሉ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነዳጅ አቃጥለን ያን ያህል ጥራጊ ከዳር አገር ወደ ዋና ከተማ እናመላልሳለን ማለት ነው። ብሎኩን በካባው አቅራቢያ ማስተካከልና መሰንጠቅ ነዳጁን ይቆጥባል፤ የሥራ ዕድሉንም ድንጋዩ ለበቀለበት አካባቢ ልጆች ያተርፋል።

ይህ ዱቄት ወዴት ይሄዳል? የከተማ ነዋሪ የሆንን ሁሉ መልሱን ከደጃችን እናገኘዋለን። ድንጋይ ከሚቆረጥባቸው ሥፍራዎች የሚወጣው ነጭ ጭቃ ያለማጣሪያ ሲለቀቅ በቦይ ውስጥ ይረጋል፤ ሲደርቅም ይጠነክራል። ክረምት ሲገባ የተደፈነው ቦይ ጎርፉን ወደ ነዋሪው ግቢ ይመልሰዋል። ወንዝ ውስጥ የገባው የወንዙን ወለል ያለብሳል፤ ማሳ ላይ የፈሰሰው የአፈሩን ቀዳዳ ደፍኖ ውሃ እንዳይሰርግ ያደርጋል። በበጋ ደግሞ ነፋስ አንሥቶ ወደ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ሳንባ ያስገባዋል።

ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ግን ሠራተኛው ነው። በደረቁ በሚቆረጥና በሚሞረድ ድንጋይ ፊት ስምንት ሰዓት የሚቆም ሰው አቧራውን እንደ እንጀራው ይመገበዋል። በተለይ እምነበረድና ግራናይት በአንድ ቤት በሚቆረጡበት ቦታ አደጋው ይብሳል፤ ግራናይት የያዘው ሲሊካ ሳንባን የሚያጠነክርና መድኃኒት የሌለው በሽታ ያስከትላልና። በውሃ እየቆረጡ አቧራውን ከምንጩ መግታት፣ ለሠራተኛው ተስማሚ የአፍና የአፍንጫ መከላከያ ማቅረብ የቸርነት ጉዳይ ሳይሆን የመብት ጉዳይ ነው።

«ማጣሪያ አስገቡ ብለን ብናስጨንቃቸው ሱቆቹ ይዘጋሉ፤ ሠራተኛውም እንጀራውን ያጣል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሥጋታቸው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ አነስተኛ ቆራጭ ብቻውን ዘመናዊ ማጣሪያ ለመግዛት አቅም እንደማይኖረው እንረዳለን። ሆኖም ሠራተኛው እንጀራና ሳንባ እንዲያማርጥ ማስገደድ መፍትሔ ሊሆን አይችልም። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። በአንድ ሠፈር ያሉ ቆራጮች ተባብረው በደረጃ የተሠሩ የማዝቀጫ ጉድጓዶችን ቢያዘጋጁ ዱቄቱ ከታች ይረጋል፤ የጠራው ውሃ ተመልሶ ምላጩን ያቀዘቅዛል፤ የውሃ ወጪውም ይቀንሳል።

የረጋው ጭቃም የሚጣል አይደለም። እምነበረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የጎንደርን ግንቦች ድንጋይ ከድንጋይ ያያያዘው ኖራ ከተቃጠለበት የኖራ ድንጋይ ጋር ሥጋ ዘመድ ነው። ዱቄቱ ለቀለም፣ ለልስንና ለሲሚንቶ ግብአት፣ ስብርባሪው ለቴራዞና ለኮረት ይውላል። ከዚህም በላይ የአዊ፣ የጎጃምና የወለጋ ደጋ አርሶ አደር ዝናብ አጥቦ ያኮመጠጠውን ማሳ ለማከም ኖራ ይሻል። የእምነበረድ ብሎክ የጫነው መኪና በእነዚሁ ኮምጣጣ ማሳዎች መካከል እያለፈ፣ የአፈሩን መድኃኒት ከተማ አምጥቶ ቦይ ውስጥ ይደፋዋል። ዱቄቱ ጎጂ ብረቶች የሌሉበት መሆኑ በቤተ ሙከራ ተረጋግጦ ለማሳው ቢደርስ የአንዱ ጥራጊ የሌላው እህል ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያም አለ። ካራራ ስብርባሪዋን ለወረቀትና ለጥርስ ሳሙና ፋብሪካዎች መሸጥ ስትጀምር ብክነት የቀረ መስሎ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ስብርባሪው ራሱ ገበያ ሆነና ተራራው ለዱቄት ሲባል የሚፈርስበት ሁኔታ ተፈጠረ፤ ዝናብ ሲጥል የካሪዮኔ ወንዝ ወተት መስሎ መውረዱም አልቀረም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ በጥራጊ መጠቀም ጥራጊን ለማብዛት ሰበብ መሆን የለበትም። ቀዳሚው ተግባር አለማባከን ነው።

ሕግ የለም ሊባል አይችልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ደንግጓል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ወጥተዋል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም ባለፈቃዱ የተጎዳውን መሬት መልሶ ለማልማት ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል። ይሁንና በወረቀት ላይ የሰፈረ ሕግ በራሱ ቦይ አይጠርግም። ሕጉን ሥጋ የሚያለብሰው የነዋሪውና የሠራተኛው ንቃት ነው።

እኛም ከሂስ ነፃ አይደለንም። ቤታችንን ስናሠራ እንደ በረዶ ነጭ፣ አንድም ጅማት የሌለበት ንጣፍ ካልሆነ የምንል፣ ጅማት የተፈጥሮ ጌጥ መሆኑን የዘነጋን፣ ጤነኛውን ድንጋይ ወደ ጥራጊ ክምር የምንልክ እኛው ነን። የተቆራረጠውን ለመተላለፊያና ለግቢ ማንጠፍ ሲቻል አዲስ የምናስቆርጠውም እኛው ነን።

ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበራት በውሃ መቁረጥንና የአቧራ መከላከያን በኅብረት ስምምነታቸው ውስጥ ያስገቡ። የነዋሪዎች ማኅበራት ክረምት ከመግባቱ አስቀድሞ ቦያቸውን ይመርምሩ፤ ከቆራጮችም ጋር በጠላትነት ሳይሆን በጎረቤትነት ተቀምጠው የጋራ ማዝቀጫ ይሥሩ። የማዕድንና የግብርና መሥሪያ ቤቶች ዱቄቱ ከቦይ ወደ ማሳ የሚደርስበትን መንገድ ይቀይሱ። ለልጆቻችን የምናወርሰው የተቦረቦረ ተራራና የደነቆረ ቦይ ሳይሆን በአግባቡ የተሠራበት ሀብት ሊሆን ይገባል። ይህም የሚሆነው ዛሬ ከእጃችን የሚወድቀውን እያንዳንዱን ቁራጭ ስንቆጥር ነው።