ዓሣ አንበሪ ፍለጋ ወደ እንጦጦ

በነነዌ ጾም ሰሞን እናቴ የዮናስን ታሪክ ለልጆቼ ነገረቻቸው። እናቴ ስትተርክ እጇ አያርፍም፤ ማዕበሉን በነጠላዋ ጫፍ ታስነሳዋለች፣ መርከበኞቹ ዕጣ ሲጣጣሉ ከሰሃኑ ቆሎ ታፍሳለች። ስድስት ዓመት የሞላት ልጄ ግን ስለ ነነዌ ሰዎችም ሆነ ስለ ዮናስ ቁጣ አልጠየቀችም። ማታ አልጋዋ ውስጥ ሆና የጠየቀችኝ ስለ ዓሣ አንበሪው ነው። ነቢዩን የብስ ላይ ከተፋው በኋላ ወዴት ሄደ? እናት አለችው? «እማዬ፣ እኛስ መቼ ሄደን እናየዋለን?» አራት ዓመት ያልሞላው ወንድሟ ከብርድ ልብሱ ሥር «እኔም!» አለ። እንሄዳለን አልኳቸው።

ለልጅ የገቡት ቃል ዕዳ ነውና በማግስቱ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የራሷ ባሕር የላትም፤ የሚቀርበን የጂቡቲ ነው። እዚያ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነጠብጣብ ያለባቸው ግዙፍ ሻርኮች ለመመገብ ወደ ዳርቻው ይጠጋሉ፤ እነሱን ለማየት ከሩቅ አገር ሰው ይመጣል። ፈረንጆቹ በስም ከዓሣ አንበሪ ጋር ያዛምዷቸው እንጂ ሻርክ ዓሣ ነው። የኛው ዓሣ አንበሪ ደግሞ በስሙ ዓሣ ተብሎ ዓሣ አይደለም፤ በሳንባው ይተነፍሳል፣ ይወልዳል፣ ግልገሉን ያጠባል። ይህን ለልጄ ስነግራት «እንደ ላም?» አለች። አዎ፣ እንደ ላም።

ከለቡ ጣቢያ የሚነሳውን ባቡር አሰብኩ፤ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለሁለት ልጆች ፓስፖርት፣ የሆቴልና የጀልባ ወጪ፣ የቆላው ሙቀት። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሻርኩን ደህና አድርጎ ማየት የሚችለው መነጽር አድርጎ ባሕሩ ውስጥ የሚገባ ሰው ነው። ከጀልባው ላይ ለሚቀሩት ትንንሾች የሚተርፋቸው ውኃው ሥር የሚያልፍ ጥላ ነው። ወረቀቱን አጣጠፍኩት። ጉዞውን የሰፋሁት በራሴ ልክ ነበር፤ ልጆቹ ለብሰውት አይራመዱም።

ይህን ብዙ ወላጅ ሲያደርገው አያለሁ። ዋልያ ለማሳየት እስከ ሰሜን ተራሮች፣ ቀይ ቀበሮ ለማሳየት እስከ ባሌ ይነዳል። ስፍራዎቹ የሚገባቸውን ክብር አይቀንስባቸው፤ እኔም አንድ ቀን እወስዳቸዋለሁ። ግን የአራት ዓመት ልጅ ትዝታው የሚጀምረው ከእግሩ ነው። የወጣበትን ዳገት፣ የበላውን ዳቦ ቆሎ፣ የነካውን እርጥብ ድንጋይ ይይዛል። መኪና ውስጥ ተኝቶ ያለፈው አገር ለእሱ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ከቤት የሚታይ ተራራ ላይ ይሁን አልኩ። እኛ የካ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነን፤ በራችንን ስንከፍት የሚታየን እንጦጦ ነው።

ሰፈራችን ተወልዶ ያደገ፣ በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ጭራሮ ሲለቅም ተራራውን እንደ ግቢው ያወቀ ወጣት አለ። አብሮን እንዲወጣ ለመንኩት። «እትዬ፣ ጎህ ሳይቀድ እንዳትነሱ» አለኝ፤ «ጅቡ ወደ ዋሻው የሚመለሰው ያኔ ነው። ደህና ሲነጋ እንሂድ፣ ወፎቹም የሚጫወቱት ፀሐይ ቅርንጫፉን ስትነካ ነው።» ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እስከ ጫፉ በመኪና ወጣን። የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ትንንሽ ሳንባ ዳገቱን በእግሩ ጀምሮ እዚያ ሲደርስ ለማየት የሚተርፈው ጉልበት የለም። ለእያንዳንዳቸው ጋቢ፣ በፔርሙዝ ሻይ፣ ቆሎ፣ ለትንሹ ደግሞ ትርፍ ሱሪ ይዣለሁ። ትርፍ ሱሪው ከሁሉ በላይ አስፈልጎናል።

አንድ ነገር ደግሞ ሆን ብዬ አድርጌያለሁ፤ ይህን ወይም ያንን እንስሳ ታያላችሁ አላልኳቸውም። «ሄደን እንጠብቃለን» ነው ያልኳቸው። ይቀርባል የተባለ ድኩላ ሲቀር ልጅ ይከፋዋል። መጠበቁ ራሱ ጨዋታው ሲሆን ግን የመጣው ሁሉ ሲሳይ ነው።

ባሕር ዛፉ ውስጥ ብዙም አልቆየንም። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ ማገዶም ቤትም የሆነን ዛፍ ነው፤ ውለታውን አልክድም። ወፍ የሚበዛው ግን ጥድና ወይራው፣ ኮሶው ባለበት ነው። ተራራው ላይ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ቅጥራቸው ውስጥ ያቆዩት አገር በቀል ዛፍ ስንት ነገር እንደሚያኖር የሚገባው ሥሩ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ነው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ቤተሰብ ወደ ተራራው መውጣት ለምዷል፤ ደስ ይለኛል። ልጆች ወደ ፈረሱና ወደ ጨዋታው ከመሮጣቸው በፊት አንድ ሰዓት ለዛፎቹ ቢሰጡልኝ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል።

አምስት ደቂቃ ዝም በሉ አልኳቸው። ሁለት ደቂቃ ያህል ቻሉ። በዚያች ሁለት ደቂቃ ምንቃሩ ቀጭንና ጎባጣ፣ ከአገጩ ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት ትልቅ ወፍ ከነመንጋው እየጮኸ በላያችን አለፈ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የማይገኝ ወፍ ነው፤ ድምፁን አዲስ አበባ ውስጥ ያልሰማ የለም፣ ስሙን ግን ጠይቆ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ልጄ «ጩኸቴ» ብላ አወጣችለት። ከዚያ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ወፍራም ምንቃር ቁራ መጣ፤ የጣልነውን ፍርፋሪ በትዕግሥት ጠበቀ። ግንባሩ ቀይ የሆነ አረንጓዴ በቀቀን ደግሞ ጥዱ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ወጣቱ ቁጥቋጦ ሥር ጎንበስ ብሎ ትንንሽ ጥቁር በጠጥ አሳያቸው፤ የምኒልክ ድኩላ ነው አላቸው። ልጁ ከወፎቹ ሁሉ ይልቅ በጠጡን ወደደው። በእንጨት እየነካ ረጅም ጊዜ ቆየ፤ አላጣደፍኩትም።

ዓሣ አንበሪውን ግን አልረሱትም። ከቤት 20 ሜትር የለካሁት ገመድ ይዤ ነበር። ሜዳው ላይ ዘረጋነው፤ እሷ ራሱ ጋ ቆመች፣ እሱ ጅራቱ ጋ። በሜዲትራኒያን ባሕር ዛሬም የሚኖረው ትልቁ ዓሣ አንበሪ ይህን ያህል ይደርሳል አልኳቸው። ዮናስ ከኢዮጴ ተነሥቶ የሸሸበት ባሕር ያ ነው። ወንድሟ ከጅራቱ በኩል ሲጠራት ነፋሱ ድምፁን ወሰደው፤ «አልሰማህም! ትልቅ ነው!» ብላ ጮኸች።

ከዚያ ወደ ሸንተረሩ ወሰድኳቸው። እንጦጦን የምወደው በዚህ ነው። ተራራው የውኃ ድንበር ነው። በደቡቡ፣ በእኛ በኩል የሚዘንበው በቀበና አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ አፋርን አቋርጦ ባሕሩን ለማግኘት ጥቂት ሲቀረው፣ ጂቡቲ ጠረፍ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በሰሜኑ፣ በሱሉልታ በኩል የሚወርደው ደግሞ በሙገር ወደ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይ መንገዱ እስከ ሜዲትራኒያን ነው። የሁለቱ ዝናብ መለያያ ሰው አንድ እግሩን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አድርጎ የሚቆምበት ስፍራ ነው።

ልጄ ደጋግማ አስነገረችኝ። የትኛው ነው የሚደርሰው? በዚህ በኩል ያለው። የእኛ ሰፈሩ ለምን አይደርስም? መንገድ ላይ በረሃው ይጠጣዋል። ትንሽ አሰበች። የውኃ መያዣዋን ከፈተች፣ ወንድሟን እጁን ይዛ ሸንተረሩን ተሻገረች፣ የቀረውን ውኃ በሰሜኑ ቁልቁለት ሣር ላይ እየተጠነቀቀች አፈሰሰችው። የእሱንም ተቀብላ ጨመረች።

«ስንት ቀን ይፈጅበታል?» አለችኝ።